የአባቴ ምሰሶ ስለሚያስገኘው አረንጓዴ ነጥብ

ለክቡር አቶ ባሮክ ዘመንፈስቅዱስ
የአረንጓዴ ሕንፃ ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ይብዛ፣ ቤትዎም ቆሞ ይክረምልዎ። ቤቱ ቆሞ ያልከረመለት ሰው ልጅ ነኝና ምኞቴ ከልብ ነው።

በካራ ሰፈር፣ ግቢያችን በነበረበት ቦታ የተሠራው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ከዕፅዋት የተገኙ ቁሳቁሶችን በመጠቀሙ ነጥብ ሊሰጠው እንደሆነ፣ በመግቢያ አዳራሹ የቆመው የጥድ ምሰሶም የአባቴ የአቶ ጉዲሳ ፉፋ መሆኑን ከላኩልን ቅጽ ተረድቻለሁ። ምሰሶው «በባለቤቱ በጎ ፈቃድ ተሰጠ» በሚለው መስመር ሥር አባቴ እንዲፈርም በትሕትና ስለጠየቁ እያመሰገንኩ፣ አስቀድሜ የሚከተለውን ላስታውስዎ።

፩. ቤታችን ባሕር ዛፍ፣ የጤፍ ጭድና ጎረቤት በደቦ ረግጦ ያቦካው ጭቃ ነበር። አፍራሾቹ «ከደረጃ በታች» ብለው በዶዘር ጨፈለቁት። የዚያው ቤት ምሰሶ ቫርኒሽ ሲቀባ ደረጃው ከፍ ማለቱ አስደስቶኛል፤ ለካ ስንኖርበት የጎደለው ቫርኒሽ ብቻ ነበር።

፪. ዶዘሩ ግድግዳውን ሲገፋ አባቴ ምሰሶውን አቅፎ አልለቅም አለ። አያቴ ከእንጦጦ በትከሻው ያወረደው ግንድ ነው፤ በቤታችን ልጅ በተወለደ ቁጥር አባት በመዳፉ ምሰሶውን ቅቤ ይቀባዋል። ሕንፃውን የሠራው ድርጅት ጥበቃዎች ከገዛ ግድግዳችን ባሕር ዛፍ ነቅለው አናቱን ደጋግመው መቱት። ዱላውም ከዕፅዋት የተገኘ ስለሆነ ነጥቡን እንዳይነፍጉት አደራ እላለሁ። ያም ሆኖ አልለቀቀም፤ ስለዚህ ጣቶቹን በብረት ፓሎ ቀጠቀጧቸው፣ ከዚያም አንድ በአንድ ከእንጨቱ ላይ ፈለቀቋቸው። እኔ ሁለት ሰው ጨምድዶ ይዞኝ ቆሜ አየሁ። እስከ ዛሬ የአጥንቱ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም፣ ክቡር ሰብሳቢ።

፫. አባቴ የሚፈርመው በቀኝ እጁ ነበር። ሐኪሞች ከዚያ እጅ አራት ጣት ቆርጠዋል።

እኔም ልጁ ስለ እሱ አልፈርምም። ያለ ፊርማው ነጥቡ እንደማይሞላ፣ ነጥቡ ካልሞላም ምስክር ወረቀቱ እንደሚቀር ቅጽዎ ራሱ ይናገራል። ምሰሶውን ይመልሱልን፤ ሌላ የምንጠይቀው የለም።

ለተቀጠቀጠ ሰው ቅጽ መላክ ስላልከበደዎ በእጅጉ የምደነቅ፣
ከዶዘሩ የተረፈችው ታዛዥዎ
ኢፍቱ ጉዲሳ
የካ

ማሳሰቢያ፦ ከቅጹ ጋር የላኩልን የምዘና ሪፖርትዎ በምሰሶው ላይ በደረት ቁመት የሚታየውን፣ በቫርኒሽ ያልተሸፈነውን ቀይ ቡናማ ምልክት «የእንጨቱ ተፈጥሯዊ ውበት» ሲል አሞግሶታል። እባክዎ ቀረብ ብለው ይዩት። የአንድ መዳፍና የአምስት ጣት ደም ነው፤ እኔ በተወለድኩ ዕለት ቅቤ የተቀባበት ቦታ ላይ ያረፈ። የአባቴን ፊርማ ከፈለጉ፣ የፈረመው እዚያ ነው።