ለቶንዶሴ የተተከለው ድንኳን

ለተከበሩ አቶ ጉርሜሳ ዋቅጋሪ
የኮንዶሚኒየማችን እድር ሊቀመንበር
ሰንጋ ተራ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው እሑድ ማንም ባልሞተበት ቤት ደጃፍ ድንኳን ሲያስተክሉ ወገብዎን እንዳልያዘዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዲኖር፣ ቢያስነጥሳቸው እንኳ እድሩ ሳይሰማ እንዲያልፍላቸው ከልብ እመኛለሁ።

«ሳይሞትባት ፀጉሯን ተቆርጣ ማኅበሩን አሳስታለች» የተባልኩት እኔ በጉባኤ ፊት ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ እናቴ ወይዘሮ ፀሐይቱ ከእድሩ መታገዷን ሰምቻለሁ። ስለ ፍጥነታችሁ እያመሰገንኩ፣ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ፀጉሬን ቤቴ ውስጥ በገዛ እጄ ማሳጠሬን አልክድም። ጥፋቴ መቁረጤ ሳይሆን ርካሽ ቶንዶስ መግዛቴ ነው። ለገሃር ከመንገድ ዳር የገዛሁት ይህ የፀጉር ማሽን ካርቶኑ ላይ የሚያምር ጎረምሳ ነበረው፤ ባትሪው ግን የራሴን ግራ ጎን ጨርሶ ወደ ቀኝ ሳይሻገር አረፈ። በዕለቱ በቤታችን ያረፈው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ድንኳኑ ለእሱ ከነበረ ቅሬታዬን አነሳለሁ።

2ኛ. በግማሽ የተቆረጠ ራሴን በእናቴ ጥቁር ሻሽ ሸፍኜ የተሻለ ልገዛ ወደ ካዛንችስ ስወጣ፣ ደረጃው ላይ ሻሹ ሸርተት ሲል እርስዎ አዩኝ። መርዶ በንጋት በሽማግሌ እንጂ በደረጃ ላይ እንደማይነገር ስለሚያውቁ፣ ምን ሆንሽ ብሎ መጠየቅን ነውር አድርገው በዝምታ አለፉኝ። በዚያው ዝምታም፣ እኔ ሰምቼ እናቴ ያልሰማችው ሞት ድሬዳዋ የሚኖረው የወንድሜ የካሳይ መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። ይህን ሁሉ ከአንድ ሻሽ ያነበበ ጭንቅላት በእድር ብቻ መወሰኑ ያሳዝነኛል።

3ኛ. በማግስቱ እሑድ ጎህ ሲቀድ ድንኳኑን አስተክለው፣ ሽማግሌዎች አስከትለው በራችንን ሲያንኳኩ፣ እናቴ ገና ፊታችሁን እንዳየች ወለሉ ላይ ወደቀች። ይህን ስጽፍ አልስቅም። ካሳይ ስልኩን እስኪያነሳ የነበረውን ጊዜ ለጠላቴም አልመኝም። በመጨረሻ ከእንቅልፉ ተነስቶ «ሃሎ» ሲል፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኢፍቱ ስልኩን ከእጄ ወስደው «እውነት አንተው ነህ? እስቲ ከነአባትህ ስምህን ተናገር» ማለታቸው የእድሩን ጥንቃቄ ያሳያል። እሱም «ካሳይ ተኽላይ ነኝ፤ እናንተስ ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብሎ የጠየቀውን እስካሁን የመለሰለት የለም።

4ኛ. ወደፊት ፀጉሬን ከመቁረጤ በፊት ለእድሩ እንዳሳውቅ ስለወሰናችሁ፣ ነገ ቅዳሜ እንደምቆረጥ በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። ስለ መሣሪያውም አይስጉ፤ አዲሱን ቶንዶስ ከሻጩ ፊት አስነስቼ፣ ይግል እንደሆነ ክንዴ ላይ አስነክቼ፣ የሚሰካበት የቁመት መለኪያ ይወላውል እንደሆነ ነቅንቄ፣ ጥርሱ ፀጉር የሚቆርጥ እንጂ የሚነጭ አለመሆኑን አረጋግጬ ገዝቻለሁ። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሥራውን ይጨርሳል። የእድር አመራር ስንመርጥም እንዲሁ አስቀድመን አስነስተን ብንሞክር ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እናቴ በዚህ ግቢ በለቅሶ ቤት ሁሉ ሽንኩርት ስትልጥ የኖረች ሴት ናት። ልጇ በሕይወት መኖሩን ሰምታ ከወለሉ ስትነሳ እንኳ መጀመሪያ ያደረገችው ለእናንተ ቁርስ ማቅረብ ነው። ቁርሱን በልታችሁ አገዳችኋት። እኔ ስላስደነገጥኳት ይቅርታ ጠይቄያት ተሳስመናል፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። በመጪው እሑድ ጉባኤ እገዳዋ ተነስቶ፣ እርስዎ ራስዎ በሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቋት እጠይቃለሁ። እኔም ተቆርጬ፣ ያለ ሻሽ፣ ፊት ወንበር ላይ እገኛለሁ።

ለማይታክተው የለቅሶ ትጋትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወንድሟ ሳይሞት ድንኳን የተተከለላት ጎረቤትዎ፣

አርያም ተኽላይ

ይድረስ ለእርስዎ ብቻ፦ ወይዘሮ ኢፍቱ ዛሬ ጠዋት መጥተው በአዲሱ ማሽን ፀጉራቸውን አሳጥሬላቸዋለሁ፤ በጣም አምሮባቸዋል። እሑድም ከእናቴ ጎን እንደሚቀመጡ ነግረውኛል። ዛሬ ማታ ሻሻቸውን ሲያወልቁ፣ ማን እንደሞተ ከመወሰንዎ በፊት እባክዎ እሳቸውን ይጠይቁ።