ሳጥኑ ሐሙስ ይደርሳል

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር «ወይኔ ልጆቼ» ትያለሽ? ስለ እኔ አታስቢ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለጎረቤት አታስነብቢ።

እህቴ ሐሙስ ትደርስልሻለች። «ልጄን አፈር ላልብሳት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብለሽ በስልክ ያለቀስሽ ዕለት ነው ክሱን ለመተው የቆረጥኩት።

ጠበቃችንን ብታዪያት ትወጃት ነበር። ስደተኞችን በነጻ ከሚረዳ ቢሮ ነች፤ ወንበራቸው ስለማይበቃ ባለጉዳይ ሲገባ አንዷ ተነስታ ትቆማለች። ፍርድ ቤት ደርሰን የምንመለሰው ሁልጊዜ ቀጠሮ ይዘን ስለሆነ «እሜቴ ቀጠሮ» ብዬ ስም አወጣሁላት፤ ስቃ ተቀበለችው።

የእህቴ አሠሪዎች መስኮት ስትወለውል ወደቀች ነው የሚሉት። ጠበቃዋ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእነሱ ያልሆነ ሌላ ሐኪም አስከሬኑን እንዲያየው። ዳኛው ግን የሟቿን ነገር ትቶ የእኔን የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። ፈቃዴ ማለፉን ሲሰማ፣ መክሰስ እችል እንደሆነ ለመወሰን ብሎ ቀጠረን። ቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ ወለደ። ያን ሁሉ ጊዜ እህቴ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበረች፣ እናቴ። ያቺ ብርድ የማትችል ልጅ! ንድድ ብሎኝ ከዳኛው ፊት ልጮህ ነበር፤ ጠበቃዋ እጄን ያዘችኝ።

በመጨረሻ አሠሪዎቹ፣ ክሱን ከተውሽ አስከሬኑን እኛ እንልካለን ብለው ላኩብኝ። የእኛዋ ጠበቃ አልዋሸችኝም። አንዴ ከተቀበረች ጉዳዩም አብሯት ይቀበራል አለችኝ። ብንጠብቅስ እናሸንፋለን ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እስክሪብቶውን አቀበለችኝ። ፈረምኩ። እስከ በር ሸኝታኝ ስታለቅስ ያባበልኳት እኔ ነኝ።

አብሬያት አልመጣም። ፈቃድ ያለፈበት ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ከታየ የሚያድረው እስር ቤት ነው።

አጥቤ ያለበስኳት እኔው ነኝ። የአስከሬን ክፍሏ ሴትዮ ባታይው ይሻልሻል ብላኝ ነበር፤ አሻፈረኝ አልኩ። ፀጉሯን ጎንጉኜላታለሁ። እጅጌው ረጅም የሆነውን ቀሚሷን መረጥኩላት፤ አንገቷንም በሻሽ ደህና አድርጌ ሸፍኜዋለሁ።

ስለዚህ እናቴ፣ በጡትሽ ይዤሻለሁ፣ ሳጥኑን አታስከፍቺ። ሴቶቹ ፊቷን አንዴ እንይ ቢሉሽ እምቢ በይ። አንቺም አትይ። ፎቶዋን አቅፈሽ አልቅሺ። ሰው ከጠየቀሽ ወድቃ ነው በይ። እኔም ከእንግዲህ የምለው ይህንኑ ነው።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

የቀረሁልሽ ልጅሽ