የቄራው ጣሪያ ባዶ ሆነ

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

አራት በሬ፣ አንዲት ላም። የላሟን ጉበት ትል በልቶታል፤ ቆርጬ ጣልኩት። ሥጋ ሻጩ ተቆጣ፣ ከዚያ ለመነኝ፣ ከዚያ ሄደ። የዘወትር ነው። ጥንብ አንሳዎቹ ጣሪያው ላይ ተሰልፈዋል። የሆድ ዕቃው ጉድጓድ እስኪገባ እንኳ አይታገሡም። ከእነሱ የተረፈውን ጅብ ይጨርሰዋል፤ ሲነጋ ጉድጓዱ የተጠረገ ይመስላል። ጋሽ ላምቤቦ፣ የቄራው ጥበቃ፣ "የኔ ሠራተኞች" ይሏቸዋል። እውነታቸውን ነው። ይህች ትንሽ ከተማችን ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና ኖሯት አያውቅም።

ከሰዓት ስብሰባ አለ። ስለ ውሻ ነው አሉ።

ያው ቀን፣ ማታ 1 ሰዓት

ገበያ መሐል አንዲት ሴት በእብድ ውሻ ተነክሳለች። ስለዚህ ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ በመርዝ ይወገድ ተባለ። ክትባት ይሻላል አልኩ። ደሳለኝ፣ ኃላፊዬ፣ በጀት የለም አለ። መርዙ ግን መጥቷል። ማን ይቀላቅለው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሥጋ መርማሪ ነኝ፤ የእንስሳት ጤና ስለተማርኩ "ዶክተር" ይሉኛል። እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ እንዴት ቶሎ እሺ እንዳልኩ ለራሴም ገረመኝ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ሳንባ ከትፌ፣ ጓንት አጥልቄ፣ በገዛ እጄ ቀላቀልኩ። ጋሽ ላምቤቦ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"ውሻውስ ይሙት። የሞተውን የሚበላውስ?" አሉኝ።

ጠዋት በጋሪ ተለቅሞ ይቀበራል አልኳቸው። ስብሰባው ላይ የተባለውን ነው የደገምኩት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥጋውን በየጥጋጥጉ ጣልን።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ውሾቹ በየቦዩ፣ በየአጥሩ ሥር ናቸው። እግራቸው እንደ እንጨት ደርቋል። ጋሪው እስከ ቀትር ሠራ፤ ከዚያ አህያው ደክሟል ተባለ፣ ባለጋሪው ሄደ። እንሰት ውስጥ ገብተው የሞቱትን የፈለገ የለም። ደሳለኝ ዘመቻው ተሳክቷል ብሎ ወረዳ ደወለ። እኔ እጄን ስታጠብ ዋልኩ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በወንዙ በኩል መጣሁ። ምነው በቀረብኝ። ትልቁ ዝግባ ሥር ጥንብ አንሳዎች ወድቀዋል፣ ክንፋቸው እንደተዘረጋ። አንዱ አንገቱን ሊያነሳ ይሞክራል። አየኝ። ወንዙ ዳር ደግሞ ጅብ፣ አፏ ውኃ ውስጥ ነው። ጡቷ ወተት አግቷል። ልጆቿ የት እንዳሉ አላውቅም፤ ልፈልግም አልደፈርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ሪፖርቱን ፈረምኩ። "በሌሎች እንስሳት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም" ይላል። የጻፈው ደሳለኝ ነው፤ ፊርማው ግን የኔ። ከመፈረሜ በፊት ስለ ዝግባው ነገርኩት። ጥንብ አንሳ ደግሞ የማን ንብረት ነው ብሎ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። አስጠላኝ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ጣሪያው ባዶ። ቅዳሜ ጉድጓድ የገባው አንጀትና ሳንባ እንዳለ ነው፤ የነካው የለም። ከሳምንት በላይ የጅብ ድምፅ አልሰማሁም። ለካ ስሰማው ነበር የኖርኩት።

ጋሽ ላምቤቦ አፋፉ ላይ ቆመው፣ "ሠራተኞቼን ጨረስሻቸው። አሁን ማነው የሚሠራ?" አሉና አካፋ አቀበሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። አልሳቁም።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ዝንብ። ሥጋ ስመረምር ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አይጥ በጠራራ ፀሐይ ይሄዳል፣ ሰው አይፈራም። ከጉድጓዱ በታች ያለው ምንጭ መሽተት ጀምሯል። ቆጮ የምትሸጠው ጎረቤቴ አስቴር ውኃውን በጆግ ይዛ መጥታ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው። ምን ጨመራችሁበት አለችኝ። ምን ልበላት? ጤና ጣቢያው በር ላይ ተቅማጥ የያዘው ሰው ተሰልፏል። ጉድጓዱ ላይ የሚነሰነስ ኖራ ይምጣልኝ ብዬ ለጽ/ቤቱ ጻፍኩ። መልስ የለም።

ት/ቤት ሳለን የምግብ ሰንሰለት እያልን ሥዕል እንስል ነበር። ከሣር ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ሰው፣ ቀስት እያደረግን። ጥንብ አንሳ ገጹ ጥግ ላይ ነበር። ፈተና አይወጣም ብለን ዘለልነው።

ኅዳር 28፣ ዓርብ

ውሾች መጥተዋል። የኛዎቹ አይደሉም። የኛዎቹን በመልክ አውቃቸው ነበር፤ የየራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፣ ባዕድ ውሻ ሲመጣ ተሰብስበው ያባርሩታል። አሁን የሚያባርር የለም። ጉድጓዱም ሙሉ ነው፣ የሚሻማቸው ጅብም የለም። ከገጠር፣ በፎንቆ መንገድ በኩል ይገባሉ። ከሲታ ናቸው፣ አይጮሁም። ዱላ ሲነሳባቸው አይሸሹም፤ ቁጭ ብለው ያዩናል።

ቦታውን ለማን እንዳጸዳንላቸው አሁን ገባኝ።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

ጋሽ ላምቤቦ ክንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል። ሽቦ ነው አሉ። ፈታሁት። ጥርስ ነው። መቼ? ዘጠኝ ቀን ሆነው። ውሻውስ? ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር፤ በማግስቱ አጥሩ ሥር ሞቶ አግኝተው ቀበሩት።

ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ጮህኩ።

"ብነግርሽ መርዙን ደግመሽ ትቀላቅያለሽ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

በሳሙና አጠብኩት፣ ደጋግሜ። ዘግይቷል፤ አውቃለሁ። ወዲያው በሚኒባስ ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል። ክትባቱ ተጀመረላቸው። ነርሷ ስንት ቀን ሆነው አለች። ስነግራት የያዘችው እስክሪብቶ ቆመ። ከዚያ መጻፏን ቀጠለች።

ስንመለስ በመስኮት በኩል እርሻ እያዩ የዘንድሮ ስንዴ ጥሩ ነው አሉኝ።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ

አዲሶቹ ውሾች በዝተዋል፤ ሁለተኛ ዙር ታዘዘ። ሰኞ። የቀረው መርዝ አንቺ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው አይደል አለኝ ደሳለኝ። አዎ አልኩ። እሺ ግን አላልኩም። ልዩነቱን አላስተዋለም።

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ጋሽ ላምቤቦ ቤት ሄጄ ነበር። ቁስሉ ደርቋል፣ ቆዳው ገጥሟል። ክትባቱን በቀጠሮው ወስደዋል። ደስ አለኝ። ተገፍታ ስለምትነሳው የደሳለኝ መኪና አውርተን ሳቅን፣ ባለቤታቸውም ሳቁ። ልሄድ ስነሳ፣ እንደ ዋዛ፣ ክንዴን ይበላኛል አሉኝ። ከውስጥ፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት።

ቁስል ሲድን ያሳክካል አልኳቸው። ይህ እውነት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሲጀምርም የተነከሰው ቦታ እንዲሁ ነው የሚሆነው። ይህም እውነት ነው፤ ተምሬዋለሁ። ይህኛውን አልነገርኳቸውም። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ውኃ ስጡኝ አልኩ፤ በሽታው የያዘው ሰው ውኃ መዋጥ ያቅተዋል። ለእኔም ለራሳቸውም ቀዱ። ሲጠጡ ጉሮሯቸውን አየሁ። ዋጡ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ቀስ ብለው ነው የዋጡት፣ ወይስ እኔ ነኝ እንዲያ ያየሁት?

ያው ቀን፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ጽፌ ጨረስኩ። የኅዳሩ ሪፖርት ሐሰት ነው፤ ዝግባው ሥር ያየሁት ይህ ነው፤ ወንዙ ዳር ያየሁት ይህ ነው፤ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሰኞ አልቀላቅልም። ሙሉ ስሜ፣ ፊርማዬ። አንድ ቅጂ ለደሳለኝ፣ አንድ ለወረዳ፣ አንድ ለዞን። ያባርሩኝ ይሆናል። እኔ ብቀር የሚቀላቅል ሌላ ሰው አያጡም፤ ለዚህ ነው ወደ ዞንም የጻፍኩት።

ለጋሽ ላምቤቦ ደወልኩ። ነገ ሆሳዕና እንሂድ፣ ክንድዎን ሐኪም ይየው አልኩ። ቀጠሮዬ ገና ነው አሉ። ግድ የለም አልኩ። እሺ አሉ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሳል። አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ያልነገርኳቸውን መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ።