ለጆሮ፣ ስለ ቀርከሃው ፒያኖ

ውድ ጆሮ፣

«ውድ» ያልኩህ የማታ አስተማሪያችን ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ስላለችን ነው፤ አትኩራ። ከፊደል ጋር የተዋወቅሁት ገና ዘንድሮ ቢሆንም ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። ሚስቴ «የመጀመሪያ ደብዳቤህ ለማን ነው?» አለችኝ። «ለአንድ ፒያኖ ሠሪ» ስላት አኮረፈች። ቅናት ለካ በቤታችን እኔን ብቻ አይደለም የያዘው።

አዎ፣ ቀንቼብሃለሁ። ሳንቃውን በእንፋሎት አጥፌ ለግራንድ ፒያኖው ወገብ የማወጣለት እኔ፣ የሚነሳው ስም ግን ያንተ። ጆሮ የሚለውን ስም እንኳ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ እንጨት እያንኳኳ የሚያዳምጥ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ድምፁን ከሚያጎላው የድምፅ ሰሌዳ ሥር በእንጨት ፈንታ ቀርከሃ ስታጣብቅ «ፒያኖ ነው ወይስ ቅርጫት?» ብዬ ወርክሾፑን በሙሉ አሳቅሁብህ። አንተ «ቆይ፣ አንተ አያልቅበት፣ ሲናገር ትሰማዋለህ» አልክ።

ተናገረ። ወፍራሙ ሽቦ ሲመታ ወለሉ በጫማዬ ውስጥ አንጎራጎረ። አለቃችን ግንባርህን ሳመህ። እኔን ስንት ዘመን አብሬው ስሠራ «እሺ፣ ቀጥል» እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ምሳዬ አልወርድ አለኝ፤ ያንተን ግን በላሁልህ።

ወደ ሚስትህ አገር ስትሄድ እፎይ አልኩ። አንዲት ሴት ያዘዘችውን ሁለተኛውን የቀርከሃ ፒያኖ እንድሠራ ለእኔ ሰጡኝ። ካንተ አስበልጬ ሠራሁት። ያንተ ቀርከሃ አንጓ አንጓው ያገጠጠ ነበር፤ የእኔን እንደ ሕፃን ጉንጭ አለሰለስኩት። ሲመታ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። አለቃችን ጎንበስ ብሎ አዳመጠና «ገዢዋ እስክትመጣ ካልዘመረ ጆሮን አስጠራለሁ፤ አንተ ወደ መጋዙ ትመለሳለህ» አለኝ። በመጋዝ ጀምሬ፣ ሽበት አብቅዬ እንደገና ወደ መጋዝ?

እንግዲህ ልጠይቅህ። አንጓውን የተውከው ስንፍና መስሎኝ ነበር። አውቀህ ኖሯል? ባልላጨው ይሻል ነበር? መልሱን ለአለቃችን ሳይሆን ለእኔ ላክ። ድሮ ቢሆን አንባቢ ስፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር፤ አሁን በሬን ዘግቼ ራሴ አነባለሁ። አንተ ግን አትምጣ። ያ ግንባር እንደገና ሲሳም ማየት አልችልም።

ካልመለስክልኝ «ውድ» የምትለዋን ቃል በመቀስ ቆርጠህ ላክልኝ።

አያልቅበት፣
ያለ ማንም እርዳታ፣ በገዛ እጁ