«ምልክት» ያልኩበት ቀን

ውድ ምህረት፣

«እማዬን በአማርኛ መልስላት» እያልሽ ትቆጪኝ ነበር። ይኸው፣ በአማርኛ መልሼ ጉድ አፈላሁ።

ከቀብርሽ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት የእማዬ የጸሎት ኅብረት ቤታችን መጣ። እህት አረጋሽ የቆርቆሮ ሳጥንሽን ከመደርደሪያው አውርደው፣ እዚሁ አጠገባችን ካለችው አሌክሳንድሪያ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች የለቀምሻቸውን፣ ሳንቲም የሚመስሉ የመዳብ ቶክኖች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው።

«አክሊልዬ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ቶክን ናቸው።»

«ቶክን ምንድን ነው?»

ቃሉ ጠፋኝ። «ምልክት» አልኳቸው።

«የምን ምልክት?» አንዱን ገለበጡና የተቀረጸበትን አሳማ አዩ። «ጌታ ሆይ! አውሬውም አለበት! ሞት እዚህ ቤት የገባው በዚህ ነው!»

ምህረት፣ ደሜ ፈላ! አሳማውም፣ ሌላው ላይ የተቀረጸው አህያም ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች ፖለቲከኞች ላይ ሊያላግጡ ያወጧቸው ናቸው። «የመዳብ ሜም» ትያቸው አልነበር? ይህን በአማርኛ እስካቀናብር ከኅብረቱ ወንድም ክፍሌ ቶክኖቹን ሳጥኑ ውስጥ መልሰው ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የቆሻሻ መጣያ ቱቦ ይዘውት ወጡ። እየተንኳኳ ስድስት ፎቅ ሲወርድ ሰማሁት።

ጠረጴዛው ላይ አንዷ ብቻ ቀረች፤ ያቺ የምትወጃት፣ በሰንሰለት ታስራ የተንበረከከችው ጥቁር ሴት።

«ይቺ ደግሞ የእስራት መንፈስ ናት» አሉ እህት አረጋሽ።

ቀድሜያቸው አነሳኋት። «እንግሊዝኛውን ያንብቡት እንጂ! ‹ሴት አይደለሁምን? እህትስ አይደለሁምን?› ነው የሚለው! ባርነት ይቅር ብለው የሠሩት ነው! እናንተ ቀኑን ሙሉ እህት፣ እህት ትባባላላችሁ፤ የኔን እህት ግን እርግማን ጎታች አደረጋችኋት! የገጫት ቀይ መብራት የጣሰ ሾፌር ነው፣ አሳማ አይደለም!»

እማዬ እጇን ዘረጋች። ልትጥላት መስሎኝ ጨብጬ ያዝኳት።

«አሳየኝ» አለች።

ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። «ሲስተር» አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ተነስታ በሩን ከፈተች።

«እህት አረጋሽ፣ የዛሬው ጸሎት ይበቃናል።»

እማዬ እንግዳ ስታስወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም።

ንዴቴ ግን አልበረደም። በእነሱም፣ በራሴም። አንድ ቃል ባውቅ ኖሮ ሳጥንሽ ይተርፍ ነበር። ቶክን በአማርኛ ምን እንደሚባል እስካሁን አላገኘሁም። አንቺ ታውቂው ነበር?

ሴትዮዋ አሁን እማዬ ቦርሳ ውስጥ ናት፤ ሥራም ይዛት ትሄዳለች። ቅዳሜ በሜትሮ አሌክሳንድሪያ ወርደን አህያውን እንፈልግልሻለን። እማዬ ናት እንሂድ ያለችው።

እህት አረጋሽ ትናንት ኮል አደረጉልኝ። አላነሳሁም።

እህቴ ነሽ።

ወንድምሽ አክሊል
ሲልቨር ስፕሪንግ