ለአሰብ ቤተ መጻሕፍት ከሰል ስለ ላኩልን

አሰብ፣ ጥቅምት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ማስፋፊያና የባለሙያዎች ማሠልጠኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነሠራተኞችዎ በሙሉ ጤንነት እንዲሰነብቱ፣ በተለይም ብርድ እንዳይነካዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርድን ግን ከእርስዎ መመሪያ በቀር በሌላ አናውቀውም።

ስሜ መርሻ በዛብህ ይባላል፤ ከአሰብ አዲስ አበባ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ልጄ ፋናዬ እዚህ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ቤታችን አንድ ክፍል በመሆኑ፣ ስድስት ሆነን በምንተነፍስበት ቤት እሷ ልታጠና አትችልም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ለእኛ ትልቅ ነገር ነበረ። ነበረ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

አንደኛ፣ ለመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት መመሪያ ስላወጡልን እናመሰግናለን። በመመሪያው መሠረት ቤተ መጻሕፍት የሚከፈተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ነው። ይህ ሰዓት በአሰብ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ስለሆነ፣ ተማሪ ቀርቶ ዝንብም አይመጣም። ከእርስዎ ዘንድ ሠልጥነው የመጡት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሪት የሻሽወርቅ፣ ይህን አይተው ፀሐይ ስትጠልቅ ይከፍቱ ጀመር። መስኮቱን ለባሕሩ ነፋስ ወለል አድርገው ሲያነቡ የሚያመሹትን ልጆች፣ ከጉዞ ስመለስ ቆሜ አያቸው ነበር። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ መጻሕፍት በእርጥበት እንዳይበላሹ ከሰኔ እስከ መስከረም በየቤተ መጻሕፍቱ የከሰል ምድጃ እንዲነድና መስኮት እንዲዘጋ ስላዘዙ እናመሰግናለን። ምድጃውንና ከሰሉን ከአዲስ አበባ ጭኜ በበረሃ ያመጣሁት እኔው ነኝ። በመንገድ ላይ ጓደኞቼ ምን እንደ ጫንኩ ሲጠይቁኝ ጨው ነው አልኳቸው፤ ጨው በሞላባት አሰብ ጨው ማውረድ እንኳ ከሰል ከማውረድ ይሻላል ብዬ ነው። ወይዘሪት የሻሽወርቅ ግን ምድጃውን ንብረት ነውና አልጣሉትም፤ ከዓሣ ነጋዴዎች በረዶ እየለመኑ ሞሉበትና ልጆቹ እጃቸውን ያቀዘቅዙበት ነበር።

ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪዎ አቶ ስለሺ ሱፍ ልብሳቸውን ከነከረባታቸው ለብሰው በአውሮፕላን መጡልን። በረዶውን ሲያዩ ምድጃው ላልታዘዘለት ተግባር መዋሉን መዘገቡ፤ ከዚያም መስኮቱ ተዘግቶ በፊታቸው ከሰል እንዲቀጣጠል አዘዙ። ያን ዕለት ሁለተኛውን የከሰል ጭነት ሳወርድ ስለነበርኩ ሁሉን አይቻለሁ። የመጻሕፍቱ ሙጫ ቀልጦ የጂኦግራፊው መጽሐፍ ከሒሳቡ ጋር ተጣበቀ፤ አቶ ስለሺም ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸው ወጡ። ራሳቸው ላይ ውኃ ሲፈስባቸው ቆይተው ነፍሳቸው መለስ ስትል፣ ቤተ መጻሕፍቱ በቂ ሙቀት ያለው መሆኑን ጽፈው ፈረሙ። እንዲህ ያለ ለሥራው የሚሞት ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

አራተኛውን ስጽፍ ግን ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ፤ ተናድጃለሁ። ወይዘሪት የሻሽወርቅ መመሪያ ተላልፈዋል ተብለው ለድጋሚ ሥልጠና አዲስ አበባ ተጠርተዋል። መቼ እንደሚመለሱ የሚነግረን ጠፋ። ልጆች እንዲያነቡ ያደረጉትን ሴት ምን ብላችሁ ነው የምታሠለጥኗቸው? እንዳያነቡ? ልጄ አሁን መጽሐፏን ይዛ በመኪናዬ ጋቢና ውስጥ ታጠናለች፤ ወደ ጉዞ ስወጣ ደግሞ እሱም የላትም። እባክዎ ሴትዮዋን ከፈተናው በፊት ይመልሱልን፤ የምለምነው ይህንኑ ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ዕድሜና ዘላቂ ሹመት እየለመንኩ፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ከሰልዎን በታማኝነት ያደረስኩ አገልጋይዎ፣
መርሻ በዛብህ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሪት የሻሽወርቅ ከሄዱ ወዲህ ቤተ መጻሕፍቱን የያዘው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ መመሪያዎን አንዲት ቃል ሳያዛንፍ እየፈጸመ ነው። እስከ ዛሬ አንድ መጽሐፍ አልጠፋም፤ አንድ ገጽ አልተቀደደም፤ አንድ ልጅም አላነበበም። ለዚህ ውጤት እንኳን ደስ ያለዎት፤ የቀሩትን የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች ግን ፈጣሪ ይጠብቃቸው።