የአንድ ገጽ ቅጂ ለዘጠኝ ዓመት የጠየቁት የእትዬ መዝገብ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ እትዬ መዝገብ እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እህት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው አባታቸውና ከፍራሽ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤት፣ በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ልብስ ሰፊ እንጂ ጸሐፊ አይደለችም። አንዳንድ ቦታ ላይ ቃሏ ከረር ቢል ሆን ብላ ነውና ይቅርታ አትጠይቅም።

እትዬ መዝገብ ገና ፊደል እንደቆጠሩ የእናታቸውን የክርና የመርፌ ሣጥኖች በየዓይነታቸው ለይተው ስም ለጠፉባቸው። እናታቸው ወፍራም መርፌ ሲጠፋባቸው ሣጥኑን ከመፈለግ ልጃቸውን መጥራት ይቀላቸው ነበር። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ከፈጸሙ በኋላ በታይፕ ጽሕፈትና በመዝገብ አያያዝ የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው በሰርተፊኬት ተመረቁ። በኅዳር 1968 ዓ.ም. በከተማው ሥራዎች ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ።

መዝገብ ቤቱ ከሕንፃው ምድር ቤት ያለ፣ ባለጉዳይ የሚስተናገድባት አንዲት ባለሽቦ መስኮት ያለችው፣ እስከ ጣሪያው በመደርደሪያ የተሞላ ክፍል ነው። የገባ ደብዳቤ ሁሉ በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ማህደሩ ውስጥ ይገባና ገጹ በእርሳስ ይቆጠራል። እትዬ መዝገብ በዚህ ሥራ ቀልድ አያውቁም ነበር። ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ ሹምም ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ “ቅጂ ይዘሃል? ቅጂህ ላይ ማኅተም ሳይመታልህ ከዚህ መስኮት እንዳትነቃነቅ! ነገ አልደረሰንም ቢሉህ በምን ታፋጥጣቸዋለህ?” ይሉት ነበር። አንድ ሾፌር ቅጂውን ሳያስመታ ቢወጣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጠው፣ ክንዱን ይዘው መልሰውታል። ሰውየው ሊከሰስ የተያዘ መስሎት መንገዱን ሁሉ ሲምል ሲገዘት እንደመጣ መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ስቆበታል።

በ1972 ዓ.ም. ከግንበኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ግንበኛው የሥራ ፈቃድ ለማውጣት አንድ ቀን፣ ያለአንዳች ጉዳይ ደግሞ ሦስት ቀን ወደዚያች መስኮት ተመላልሰዋል። በአራተኛው እትዬ መዝገብ “የቀረ ወረቀት የለህም፤ ምን ልርዳህ?” ቢሏቸው ያን ያህል ግንብ ያቆሙ ሰው ቆባቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቀሩ አሉ። ዛሬ ነርስ የሆነች ሴት ልጅና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የማንኛውም ጨዋ ሠራተኛ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ጽሕፈት ቤቱ ቢያፍርበት ደግ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤቱ በገበያው ቁልቁለት ላይ ረጅም የድጋፍ ግንብ ሲያሠራ የግንበኞቹ አለቃ የእትዬ መዝገብ ባለቤት ነበሩ። በፕላኑ ላይ የነበሩት የውሃ ማስወገጃ ቱቦዎች ሥራው ይፋጠን ተብሎ እንዲቀሩ ትእዛዝ መጣ። ግንበኛው በአፍ ተከራከሩ፤ ሰሚ አጡ። የካቲት 12 ቀን በአንዲት ገጽ “ይህ ግንብ ውሃ መውጫ ከሌለው ክረምቱን አይችልም፤ ሥራው ይቁም” ብለው ጽፈው ወደ ሚስታቸው መስኮት አመጡት። እትዬ መዝገብ በገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥር 417 ብለው መዘገቡት፤ በግንቡ ማህደር ውስጥም ገጽ 23 ሆኖ ገባ።

“ቅጂውስ?” አሏቸው እንደማንኛውም ባለጉዳይ።

“አንቺ እያለሽልኝ ቅጂ ምን ያደርግልኛል?” አሉ ግንበኛው።

እትዬ መዝገብ ሳቁና ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞሩ። ሾፌሩን መንገድ ላይ ሮጠው የመለሱት ሴት የገዛ ባላቸውን ያለቅጂ ሸኙ። ያን ሳቅ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለራሳቸው ይቅር አላሉትም።

ግንቡ ሐምሌ 19 ቀን ከቀትር በኋላ ተናደ። ከሥሩ ሲያልፉ የነበሩ አንድ አናጢና የአንዲት የገበያው ባለሱቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሞቱ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና ግንበኛው ለማንም እንዳላስጠነቀቁ ሊጽፍ ተነሣ። ጽፌ ሰጥቻለሁ ሲሉ ማኅተም የተመታበት ቅጂ አምጣ ተባሉ። እትዬ መዝገብ የገቢ መዝገቡን ታቅፈው ኮሚቴው ፊት ቆሙ፤ “የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ ይኸው፤ ማህደሩን ከፍታችሁ ገጽ 23ን እዩት” አሉ። ሰብሳቢው መዝገቡን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ “ሚስቱ አይደለሽ? ጽሑፉም የእጅሽ ነው፤ ተቀመጪ” አላቸው። ማህደሩን ማንም አልከፈተም። ሊከፍቱት የፈለጉ ቢሆን ደረጃውን መውረድ ብቻ ነበር የሚበቃቸው። የግንበኛው ፈቃድ ተሰረዘ፤ ቱቦው ይቅር ብሎ የፈረመው ኃላፊ ግን እስከ ጡረታው በወንበሩ ቆየ።

ብዙ ሰው እትዬ መዝገብን የሚጠይቃቸው ጥያቄ ነበር። ማህደሩ እኮ በእጅሽ ነው፣ ለምን ወረቀቱን አታወጪውም? የሥራ ባልደረባቸው ተላላኪዋም “እትዬ፣ በቦርሳዎ ከተው ቢወጡ ማን ያይዎታል?” ብላቸው ነበር። የመለሱላትን ታናሽ እህታቸው በጆሮዋ ሰምታለች። “በቦርሳ የወጣ ወረቀት ቤቷ ተቀምጣ የጻፈችው ነው ይባላል። ደግሞ የእሱን ስም በሌብነት አላጸዳውም።” ስለዚህ ለአለቃቸው በጽሑፍ አመለከቱ። ሠራተኛ በራሱ ጉዳይ ሰነድ መጠየቅ አይችልም፣ ጡረታ ሲወጡ እንደማንኛውም ዜጋ ይጠይቁ የሚል መልስ ተሰጣቸው። እህታቸው ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። እትዬ መዝገብ ግን ደንብ ነው ብለው ተቀበሉ። በየጠዋቱ መደርደሪያውን ሲወለውሉ ያቺ ገጽ መኖሯን እያረጋገጡ፣ በእጃቸው እየነኩ፣ ሳይወስዷት ሰባት ዓመት ሠሩ።

ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. በሐዘን ተጎሳቁለው አረፉ። ከሬሳው ኋላ የተከተለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ባለሱቋ ልጇን የገደለ ሰው ሚስት ናት ብላ እትዬ መዝገብን ፊት ከነሳቻቸው አራት ዓመት አልፎ ነበር። እትዬ መዝገብ አንድም ቀን አልተቀየሟትም። “ልጅ የቀበረች እናት ናት፤ የነገሯትን አመነች፤ ምን ታድርግ?” ይሉ ነበር። ቅጂውንም የፈለጉት ለፍርድ ቤት አልነበረም። ወደ ሱቁ ገብተው ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ሊያሳዩዋት ብቻ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ከሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ወጡ። በጡረታቸው ማግስት፣ በማግስቱ ሲባል በትክክል በማግስቱ፣ በመስኮቷ በውጭ በኩል ቆመው ማመልከቻ አስገቡ። ቁጥርም ገጽም ጠቅሰዋል፤ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ጀርባው ሰማያዊ የሆነው ማህደር ብለው ቦታውን ሳይቀር ጽፈዋል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ዳብሶ ያገኘዋል።

ከዚያ የሆነውን መተረክ አንጀት ያቃጥላል። በመጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ አምጪ ተባሉ፤ አመጡ። ማስረጃው ስድስት ወር አልፎታልና ይታደስ ተባለ፤ አሳደሱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ኃላፊው ሥልጠና ላይ ነው፣ ኃላፊው ተቀይሯል፣ አዲሱ ኃላፊ ገና ሥራ እየተረከበ ነው። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፣ መልሱም በሠላሳ ቀን ይሰጠዋል የሚለውን ሕግ አንቀጹን በእጃቸው ገልብጠው አያይዘው አስገቡ። የሕግ ክፍሉ ሕጉን ለማጥናት አምስት ወር ወሰደ። ቅሬታ ሰሚው ክፍል ሄዱ፤ ቅሬታውን ለዚያው ለተከሰሰው ጽሕፈት ቤት መራው። ሹማምንቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉ፣ አንዲት እናት አንድ እግሩ በተጣጠፈ ወረቀት በተደገፈ አግዳሚ ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሠሩበት ሕንፃ ኮሪደር ደጅ ሲጠኑ ኖሩ። ለቀሪው ባለጉዳይ ማመልከቻ እያረሙ፣ “ቅጂ ይዘሃል?” እያሉ ተቀመጡ። ጥበቃው አንድ ቀን ባለጉዳይ አትረብሹ ብሎ ሊያስወጣቸው ሲል በኮሪደሩ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጮኸበት።

አሁን በመስኮቷ ውስጥ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሥራውን የለመደችው ከእሳቸው ነው። አንድ ቀን ተጠግታ “እትዬ፣ እንዳልሰጥዎ ታዝዣለሁ፤ ልጆች አሉኝ” አለቻቸው። “አውቃለሁ ልጄ። አንቺ ብቻ ማኅተሙን ምቺልኝ” አሏት። መታችላቸው። ማኅተም የተመታባቸው ሃያ ሁለት የማመልከቻ ቅጂዎች ዛሬ በልጃቸው እጅ ይገኛሉ።

ባለፈው መጋቢት የመጨረሻው መልስ በጽሑፍ ደረሳቸው። በመዝገብ ቤቱ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ከ1995 ዓ.ም. በፊት የነበሩ ሰነዶች በሙሉ፣ የሠራተኞች የግል ማህደር ጭምር፣ ተበላሽተው ስለተወገዱ የተጠየቀውን መስጠት አይቻልም ይላል። እትዬ መዝገብ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀጥለውም ብዕር አንሥተው ሰነድ ያለ ቃለ ጉባኤ አይወገድምና የማስወገጃው ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይሰጠኝ ብለው ሃያ ሁለተኛውን ማመልከቻ ጻፉ። መልስ አልመጣም።

በሰኔ ወር የልብ ሕመማቸው ጸናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። ልጃቸው በሙያዋ፣ እህታቸው በአጠገባቸው በመቀመጥ አስታመሟቸው። አእምሯቸው እስከ መጨረሻው አልደከመም። በመጨረሻው ሰኞ “ጡረታ እስክወጣ መጠበቄ ጥፋት ነበር እንዴ?” ብለው እህታቸውን ጠየቋት። እህታቸው አይደለም አለቻቸው። እውነቱን ለመናገር ዛሬም መልሱን አታውቀውም። በማግስቱ ማክሰኞ ሐምሌ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በስድሳ አራት ዓመታቸው አረፉ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ ላከ። በጠዋት ሰምተው፣ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው ለማድረስ ስድስት ሰዓት አልፈጀባቸውም። ደብዳቤው እንዲህ ይላል። “ከግል ማህደራቸው ለመረዳት እንደቻልነው ሟቿ ኅዳር 8 ቀን 1968 ዓ.ም. በቁጥር 93 በተጻፈ ደብዳቤ ተቀጥረው፣ በአገልግሎት ዘመናቸው አንድም ቀን ያለፈቃድ ከሥራ አልቀሩም።”

ይህን ቁጥር ቤተሰቡ አያውቀውም። ልጆቻቸውም አያውቁትም። ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በውሃ ተበላሽቶ ተወገደ በተባለው ማህደር ውስጥ። ስለዚህ ማህደሩ አለ። ቧንቧም አልፈነዳም። እኚህን ሴት ዓይን ባወጣ ውሸት ወደ መቃብር ሸኝታችኋቸው፣ ለቀብራቸው ምስጋና ለማሳመር ስትሉ ያንኑ መደርደሪያ ከፈታችሁ። ከደብዳቤው ጋር ለላካችሁት የአበባ ጉንጉን እናመሰግናለን፤ ግን የጠየቁት አበባ አልነበረም። ታናሽ እህታቸው ትናንት ጠዋት የሐዘን ደብዳቤያችሁን በማስረጃነት አያይዛ ሃያ ሦስተኛውን ማመልከቻ በራሷ ስም አስገብታለች። ቅጂው ላይም ማኅተም አስመትታለች።

እትዬ መዝገብ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ባለሱቋም ዛሬ መጥተው ከኋላ ቆመዋል። እንኳን መጡ፣ እህቴ። ወረቀቱን በእጃቸው ዘርግተው ሊያሳዩዎት አልታደሉም። ቃሉን ግን በሕዝብ ፊት እነሆ፦ ያ ግንብ እንደሚናድ ባለቤታቸው ከመናዱ አምስት ወር ቀደም ብለው ለጽሕፈት ቤቱ ጽፈው ነበር።

አምላክ ነፍሳቸውን ነገ ተመለሱ በማይባልበት፣ ደጅ በማይጠናበት ቤቱ በጊዜ ይቀበልልን። ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን፣ ማህደሩን ለያዙት ደግሞ ሐፍረትን ይስጥልን። አሜን።